«ምርጫ ይጠራ» ሲሉ የሰማኋቸው፦ ከለንደን እስከ ሴጅፊልድ የጉዞ ማስታወሻ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 መጨረሻ፣ በብሪታንያ ፓርላማ የአቤቱታ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ ጥያቄ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሲሰበስብ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የቆየ አንድ ደብተሬን አወጣሁ። ጥያቄው አዲስ ጠቅላላ ምርጫ እንዲጠራ ነበር፤ የመጨረሻው ምርጫ ከተካሄደ ግን ገና አምስት ወር አልሞላውም። በዚያ የጁላይ ምርጫ ሌበር ፓርቲ ከተሰጠው ድምጽ 34 በመቶ ያህሉን ብቻ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ 411 ወስዷል፤ ከአሥር ተመዝጋቢ አራቱ ያህል ደግሞ ድምጽ ሳይሰጥ ቀርቷል። ደብተሬ ውስጥ ያለው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ይኸው ጩኸት ያኔ ሥልጣን ላይ በነበሩት ወግ አጥባቂዎች ላይ በሚሰማበት ሰሞን የጻፍሁት ነው። ያን ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ በቴሌቪዥን የማየውን ንዴት በሚኖርበት ቦታ ሄጄ ልስማው ብዬ ነበር የተነሣሁት። ከጥቂት እርማት በቀር እንዳለ እነሆ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2015 ዓ.ም. — ለንደን

ጉዞዬን ከፓርላማው ጀመርሁ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ጄረሚ ሀንት፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ክዋሲ ክዋርተንግ ሴፕቴምበር 23 ያወጁትን ሚኒ በጀት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሻሩት። 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የግብር ቅነሳ ያለ ማካካሻ ታውጆ፣ ፓውንድ ከዶላር ጋር ሊተካከል ጥቂት እስኪቀረው ወርዶ፣ የእንግሊዝ ባንክ የጡረታ ፈንዶችን ከአደጋ ለማዳን የመንግሥት ቦንድ ለመግዛት ተገዶ፣ ክዋርተንግም አርብ ዕለት ተባረው፣ ከሦስት ሳምንት ተኩል በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ መነሻው ተመለሰ። ከቀትር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሊዝ ትረስ ለምክር ቤቱ መልስ ይሰጣሉ ሲባል በምትካቸው ፔኒ ሞርዳንት መጡ፤ «ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጠረጴዛ ሥር አልተደበቁም» ብለው ማስተባበልም ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ማስተባበያ የሚያስፈልገው መንግሥት ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያሻም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ምርጫ ይጠራ የሚለው አቤቱታ የሚመከርበትን ክፍል አገኘሁ። መንገዱ በዌስትሚንስተር አዳራሽ በኩል ነው፤ ከ900 ዓመት በላይ የቆመው፣ ባለፈው ወር ሕዝቡ ሌሊቱን ተሰልፎ የንግሥት ኤልሳቤጥን አስከሬን የተሰናበተበት አዳራሽ ነው። አቤቱታው የሚሰማው ግን ከጎን ባለች፣ ወንበሮቿ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በተደረደሩባት ትንሽ ክፍል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 10 ሺህ ፊርማ ከመንግሥት የጽሑፍ መልስ ያስገኛል፤ 100 ሺህ ካለፈ ለውይይት ሊቀርብ ይችላል። ውይይቱ ግን አስገዳጅ ውሳኔ አያስከትልም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የፈረመበት ጉዳይ ተነግሮ፣ ተደምጦ፣ መንግሥት «አይሆንም» ብሎ ተበተነ።

እኔ በዚህ ብዙም አልተደነቅሁም። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ሕዝቡ የሚመርጠው የአካባቢውን የፓርላማ አባል እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አይደለም፤ አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ምርጫ እንዲጠራ ንጉሡን የሚጠይቁትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ሲለቁ ገዢው ግንባር በውስጡ መርጦ ፓርላማው ያጸደቀለትን ያየ ኢትዮጵያዊ ይህ ባዕድ አይሆንበትም። እዚህ ያለው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ድምጹን ሲሰጥ ቦሪስ ጆንሰንን የመረጠ መስሎታል፤ በእሳቸው እግር የተተኩትን ትረስን የመረጧቸው ደግሞ 81,326 የፓርቲው አባላት ብቻ ናቸው።

አጠገቤ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህርት ፊርማቸውን ያኖሩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሆነ በኩራት ነገሩኝ። ምርጫው ነገ ቢጠራስ ማንን እንደሚመርጡ ጠየቅኋቸው። «እሱን ያን ጊዜ አስብበታለሁ፤ አሁን የምፈልገው እንድጠየቅ ነው» አሉኝ። ይህን መልስ ደብተሬ ላይ አሰመርሁበት፤ በየደረስሁበት እንደማገኘው ግን አላወቅሁም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8 — ስቶክ ኦን ትሬንት

የያዝሁት ባቡር ከዩስተን ጣቢያ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ተሰረዘ። የሁለት ባቡር ሰው በአንዱ ተጭኖ፣ እኔ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስቶክ ደረስሁ። መንገደኛው ግን አልጮኸም፤ አንዱ ጎልማሳ ብቻ «አገሩም እንደዚሁ ነው» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ።

ስቶክ ስድስት ትንንሽ ከተሞች ተጋጥመው የሆኑት ከተማ ነው። ሕንፃውም ሰዉም በሸክላ ሥራ ነው የሚታወቀው፤ ጠርሙስ የሚመስሉት የጡብ ምድጃዎች ዛሬም በየሰፈሩ ቆመዋል፤ እሳት ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ሲባል ከከተማው መራጭ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው «እንውጣ» አለ። በ2019 ደግሞ ሦስቱም የምርጫ ክልሎች ለወግ አጥባቂዎች ሆኑ፤ ለዘመናት የሌበር ርስት ከነበረውና «ቀይ ግድግዳ» ከሚሉት አንዱ ጡብ እንዲህ ወጣ። ከዚያ ቀደም፣ በ2015፣ በስቶክ ማዕከላዊ የምርጫ ክልል ከተመዝጋቢው ግማሹ እንኳ ድምጽ አልሰጠም ነበር፤ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ዛሬ የሚታየውን ለመረዳት ከ2019ኙ ድል ይልቅ ይህኛው ይጠቅማል።

በሀንሊ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ሴትዮዋ ከአጃ ዱቄት የተቦካ ቀጭን ሊጥ በትልቅ የብረት ምጣድ ላይ በጭልፋ እያፈሰሱ በማንኪያ ጀርባ ያሰፉታል። ቀረብ ብዬ ሳይ ሊጡ ዓይን አወጣ! እንደ እንጀራችን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ ብቻ መጠኑ የሳሕን ያህል ነው፤ ሁለቱም ገጽ ይገላበጣል፤ ውስጡ አይብ ተደርጎ ይጠቀለላል። በአገሬ የዚህ ታላቅ እህት አለች ብዬ በስልኬ የእንጀራ ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ መጣ።

«ምጣዱ በጋዝ ነው የሚሠራው፤ የጋዙ ሒሳብ ከቤት ኪራዩ ሊበልጥ ምንም አልቀረው» አሉ። መንግሥት ባለፈው ወር የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የዓመት የኃይል ወጪ 2,500 ፓውንድ አካባቢ እንዲቆም ለሁለት ዓመት ቃል ገብቶ ነበር፤ ትናንት ሀንት ያን እስከ ሚያዝያ ብቻ አደረጉት። «ሁለት ዓመት ያልነው ስድስት ወር ሆነ። እንደዚህ የሚያደርግ ደንበኛ ቢኖረኝ ዱቤ አልሰጠውም ነበር።»

ወረፋ ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ 40 ዓመት ሸክላ ሲያስጌጡ የኖሩ፣ አባታቸውም እሳቸውም ሌበርን ሲመርጡ እንደኖሩ፣ በ2019 ግን አንድ ጊዜ ለወግ አጥባቂዎቹ እንደሰጡ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው አወሩኝ። «ለባለቤቴ አልነገርኳትም» አሉ። አሁን ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቁና፣ «እሷም ለእኔ አልነገረችኝም ኖሮ፤ ባለፈው ወር ነው የተናዘዝነው» አሉኝ። ወደ ሌበር ይመለሱ እንደሆን ስጠይቅ ግን ሳቁ ጠፋ። ሌበሮች ለ60 ዓመት እንደ ቤታቸው ዕቃ ሲያዩን ኖሩ፤ እነዚህኞቹ ደግሞ እንደ ኪራይ ዕቃ አዩን አሉ። ምርጫው ግን ዛሬውኑ ይሁን ባይ ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9 — እዚያው

ጠዋት የዋጋ ግሽበቱ 10.1 በመቶ መድረሱ ተነገረ፤ በ40 ዓመት ያልታየ ነው። ቀትር ላይ ትረስ ምክር ቤት ቀርበው «ታጋይ እንጂ ሸሺ አይደለሁም» አሉ። አመሻሽ ላይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሱዌላ ብሬቨርማን ሥራ ለቀቁ። ማታ ደግሞ ዐለት ሰንጥቆ ጋዝ ስለ ማውጣት ሌበር ባቀረበው ሐሳብ ላይ ድምጽ ሲሰጥ፣ ጉዳዩ በመንግሥት ላይ የመተማመኛ ድምጽ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይለይ የገዢው ፓርቲ አባላት በአዳራሹ በር ላይ ተተራመሱ፤ አባላት በግድ እየተገፉ ገቡ የሚል ክስም ተሰማ። ባረፍሁበት ቤት ሳሎን ውስጥ ሆነን ስናይ፣ ለረጅም ዓመታት የወግ አጥባቂዎች ተወካይ የነበሩት ቻርልስ ዎከር ካሜራ ፊት ቆመው በራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ላይ ንዴታቸውን አወጡት፤ ተሰጥኦ በሌላቸው ሰዎች ተሰላችቻለሁ አሉ። የቤቱ ባለቤት ሻይ ይዘው ቆመው ሰሙና፣ «እኔ ከአሥር ዓመት በፊት ነበር የተሰላቸሁት» ብለው ወጥ ቤት ገቡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10 — በማንችስተር በኩል ወደ ዌክፊልድ

ማንችስተር ላይ ባቡር ቀይሬ የፔናይን ተራሮችን ስናቋርጥ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። መጀመሪያ የአንዲት ልጅ ስልክ ጮኸ፤ ቀጥሎ የሁለት፤ ከዚያ ፉርጎው በሙሉ አንገቱን ደፋ። ዋሻ ውስጥ ስንገባ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሁሉም ቀና ብሎ እርስ በርሱ ተያየ፤ እንግሊዝ አገር በኖርሁባቸው ዓመታት የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች እንዲህ ሲተያዩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዋሻውን ስንወጣ ሊዝ ትረስ በዳውኒንግ ስትሪት በር ላይ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ንግግር መልቀቃቸውን አስታውቀው ነበር፤ በ45ኛ ቀናቸው መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በአጭር ዘመን ሥልጣን የሚታወቁት እ.ኤ.አ. በ1827 በ119ኛው ቀን በሞት የተለዩት ጆርጅ ካኒንግ ነበሩ።

«ሰላጣው አሸነፈ!» አለ አንድ ወጣት፤ ፉርጎው በሳቅ ተሞላ። ዴይሊ ስታር የተባለው ጋዜጣ አንድ ጥቅል ሰላጣ ካሜራ ፊት አስቀምጦ፣ ትረስ ከሰላጣው ቀድመው ይጠወልጉ እንደሆነ ሕዝቡን ሲያስቆጥር ሰንብቷል። ሳቁ ቶሎ በረደ። ከፊቴ የተቀመጡት የሆስፒታል መለያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት፣ «እነሱ ሰላጣ ይቆጥራሉ፤ የእኔ የቤት ብድር ግን በየካቲት ይታደሳል» አሉ። የሁለት ዓመት ቋሚ ብድር ወለዱ በዚያ ሳምንት በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ሆኗል፤ እሳቸው የያዙት በ2 በመቶ ያህል ነው። ሌላ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዌክፊልድ የገባሁት ቀኑ ሲጨልም ነው። ከ1932 እስከ 2019 የሌበር የነበረው ይህ የምርጫ ክልል፣ ተወካዩ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ ከወረደ በኋላ፣ ባለፈው ሰኔ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ወደ ሌበር ተመልሷል። ጋዜጦች «ቀይ ግድግዳ እየተገነባ ነው» ብለው ጻፉ። ከተመዝጋቢው ከአሥር ስድስቱ ያህል ከቤቱ እንዳልወጣ ግን ከውስጥ ገጽ ነው የተነበበው።

አርብ፣ ጥቅምት 11 — ሊድስ

ሊድስ ያለ ወዳጄ ቤት ለምሳ ተጠራሁ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው፤ ቡናውም አልቀረም። አምስት ነበርን፤ ከአምስታችን በብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ መምረጥ የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሕጉ ለብሪታንያና ለአየርላንድ ዜጎች፣ እንዲሁም ሕጋዊ ነዋሪ ለሆኑ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ይፈቅዳል፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ዜግነት ያልወሰደ አበሻ 20 ዓመት ግብር ቢከፍልም ድምጽ የለውም።

መምረጥ ከሚችሉት አንዱ በደርግ ዘመን የተሰደዱ አንድ ጋሼ ናቸው። «ለሌበር ሳልሰጥ ያለፈኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ የኢራቅ ጦርነት ጊዜ» አሉ። ሁለተኛዋ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምትሠራ እኅታችን ናት፤ ዜግነት የወሰደችው በ2020 ስለሆነ በጠቅላላ ምርጫ አንድም ጊዜ ድምጽ አልሰጠችም።

«እትዬ፣ ምርጫ ቢጠራ ማንን ትመርጪያለሽ?» አላት የወዳጄ ልጅ።

«እኔ እንጃ ልጄ። እኔ የምፈልገው አንድ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ መክተት ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ ለፓስፖርቱ ከፍዬ፣ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀያየር እንደ ቲያትር ቁጭ ብዬ ላይ ነው እንዴ?»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ቆይ፣ ስትመርጪም ቲያትሩ ያው ነው» አሉ። እሷም መልሳ፣ «ይሁን፤ ቲኬት ግን ልቁረጥ» አለች። ከጉዞው ሁሉ ያን ያህል የሳቅሁበት ቀን የለም። ክርክራቸው ግን ቀልድ አልነበረም፤ ጋሼ ከፓርቲዎቹ ምንም ስለማይጠብቁ ምርጫውንም አይናፍቁም፤ እሷ ደግሞ ምንም ሳትጠብቅ ትናፍቃለች። በፊርማው ከሰፈሩት መካከል የሚበዛው እሷን የሚመስል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ዕረፍት። ቦሪስ ጆንሰን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የጀመሩትን ዕረፍት አቋርጠው ተመለሱ፤ ለፓርቲው መሪነት ለመወዳደር የ100 የፓርላማ አባላት ድጋፍ ያስፈልጋል። በሊድስ ገበያ የዓሣ ነጋዴው «ይምጣ፤ ቢያንስ እሱን መርጠነዋል» ሲል፣ የጎኑ ባለ ሱቅ ደግሞ «ውሸታም ነው ብለን አባረርነው እኮ» አለው። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 13 — ሴጅፊልድ

ሴጅፊልድ የባቡር ጣቢያ የለውም። ዱራም ወርጄ አውቶብስ ጠበቅሁ፤ በሰሌዳው ላይ «ደርሷል» ተብሎ ተጻፈ፤ ከዚያ ጽሑፉ ጠፋ፤ አውቶብሱ አልታየም። ታክሲ ያዝሁ። ሾፌሩ የፓኪስታን ተወላጅ ነው፤ ለትምህርት በመጣ በዓመቱ፣ ፓስፖርቱ የፓኪስታን እንደሆነ፣ እዚህ ድምጽ መስጠቱን አጫወተኝ፤ ፓኪስታን የኮመንዌልዝ አባል ናትና። የሊድሷ እኅታችን ትዝ አለችኝ።

መንደሯ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳና ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያላት ጸጥተኛ ቦታ ናት። ቶኒ ብሌር እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2007 የወከሉት የምርጫ ክልል ይህ ነው፤ በ2003 ጆርጅ ቡሽን አምጥተው ምሳ ያበሉበት ፐብ (መጠጥ ቤት) ዛሬም ድረስ አለ። በ2019 ክልሉን ወግ አጥባቂዎች ወሰዱት፤ ጆንሰን ምርጫውን ባሸነፉ በማግሥቱ፣ ሌበርን ሲመርጡ ለኖሩት፣ ድምጻችሁን ያበደራችሁን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እጃችሁም ተንቀጥቅጦ ይሆናል ብለው ነበር፤ ወዲያውም ወደዚህች መንደር መጥተው አመሰገኑ።

ፐቡ ውስጥ አንድ ጥንድ ባልና ሚስት አጠገብ ተቀመጥሁ። ያን የብድር ንግግር ሳነሣ ባልየው ጣታቸውን በጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ፣ «ብድር ከሆነ እንግዲህ የሚመለስበት ቀን ይነገረን» አሉ። ሚስትየዋ ግን ምርጫ መጠራቱን አይፈልጉም፤ በጉዞዬ ካገኘኋቸው እንዲህ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ምክንያታቸውን ጠየቅሁ። «ምርጫ ሲመጣ በር ያንኳኳሉ፤ የልጆቼን ስም ይጠይቃሉ፤ ተስፋ ሊያደርጉኝ ይሞክራሉ። አሁን ተስፋ የማድረግ አቅም የለኝም።» ከዚህ በኋላ የምጠይቀው ጠፋኝ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጆንሰን 102 ደጋፊ እንዳላቸው ገልጸው፣ ግን እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ፐቡ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ኳስ ላይ ነበር፤ ጣቢያውን ይቀየር ያለ አንድም ሰው የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14 — ወደ ለንደን

ባቡር ውስጥ እንዳለሁ፣ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ፔኒ ሞርዳንት ራሳቸውን አገለሉ፤ ሪሺ ሱናክ ያለ ተፎካካሪ መሪ ሆኑ። በዚህኛው ዙር የፓርቲው አባላት እንኳ አልተጠየቁም፤ ከሰባት ሳምንት በፊት ሲጠየቁ ትረስን ነበር የመረጡት። ዕለቱ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ዲዋሊ ነው፤ የእስያ ዝርያ ያለው ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የመጀመሪያው መሆኑ ብዙዎችን አስደስቷል፤ እኔንም። ከጎኔ የነበሩት የሕንድ ተወላጅ እናት በስልክ እያለቀሱ ለዘመዶቻቸው አበሠሩና ሲጨርሱ ዕንባቸውን ጠርገው፣ «ቢሆንም ምርጫ መደረግ ነበረበት» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15 — ዋይትሆል

ጠዋት ትረስ ተሰናብተው ሲወጡ፣ ሱናክ ከንጉሥ ቻርልስ ዘንድ ሹመት ተቀብለው ሲመለሱ፣ እኔ ከዳውኒንግ ስትሪት ጥቁር የብረት በር ውጭ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የመኪና ጣሪያና የፖሊስ ትከሻ ነው፤ ንግግሩን የሰማነው ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ርቀን ሳለ በየስልካችን ነው፤ የአንዱ ስልክ ከሌላው ጥቂት ሰከንድ እየዘገየ፣ «ስህተቶች ተፈጽመዋል» የሚለው ቃል ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ተሰማ።

አጥሩ ሥር አንዲት ወጣት ካርቶን መሬት ላይ ዘርግታ ተንበርክካለች። ካርቶኑ ላይ «ማን መረጠዎት?» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ከበላዩ የትረስ ስም ነበረ፤ እሱ ላይ ነጭ ወረቀት በፕላስተር ለጥፋ የሱናክን ስም ስትጽፍ ማርከሯ ደረቀባት። ቀና ብላ እስክሪብቶ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ይህን ማስታወሻ ሁሉ የጻፍሁበትን ሰማያዊ ቢክ ሰጠኋት። ለዚያ ዓይነት ጽሑፍ ቀጭን ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል አምስት ስድስት ጊዜ እየመላለሰች ማድመቅ ነበረባት። እኔም እስክሪብቶዬን እስክትመልስልኝ ድረስ ካርቶኑ እንዳይነሣ ጠርዙን በእግሬ ረግጬ ያዝሁላት።